በቤንዚን ጀሪካኖች መካከል «እሳት ታመጣለች» ስለተባለች መኪና

ለቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት
ቀን፦ 14/3/2017

ጉዳዩ፦ የኤሌክትሪክ መኪናችን በሕንፃው ቤዝመንት እንዳትቆም የተጣለው እገዳ እንዲታይልን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣ ከዚህ ቀደም አቤት ብዬ መልስ ስላጣሁ፣ ቢደክመኝም ዳግም ጽፌያለሁ።

1. በልብስ ስፌት የምተዳደር፣ ከአባቴ ጋር አራተኛ ፎቅ የምኖር ነኝ። አባቴ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ስትሮክ ካገኛቸው ወዲህ ግራ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። ሊፍቱ ቤዝመንት ድረስ ስለሚወርድ ከመኪናችን እስከ አልጋቸው በተሽከርካሪ ወንበር አደርሳቸው ነበር። በዋናው በር ግን ያለው ደረጃ ብቻ ነው።

2. የነዋሪዎች ኮሚቴ የኤሌክትሪክ መኪና ሲነድ የሚያሳይ ቪዲዮ በየስልኩ ተቀባብሎ ካየ በኋላ መኪናችንን ከቤዝመንት አስወጣ። ሰብሳቢው «እህቴ፣ ተኝተን እንንደድልሽ?» አሉኝ። ፍርሃታቸውን አልንቅም። ባትሪ አንዴ ከተያያዘ በቀላሉ እንደማይጠፋ፣ ጠፋ ሲባልም መልሶ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ። ሆኖም የጠየቅኳቸው የእሳት አደጋ ባለሙያ፣ ከቁጥራቸው አንጻር ሲታይ ይበልጥ የሚቃጠሉት የቤንዚን መኪኖች እንደሆኑ ነግረውኛል።

3. ነዳጅ መጥፋት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ባለመኪናው ሁሉ ለክፉ ቀን እያለ ቤንዚን በጀሪካን ቀድቶ እዚያው ቤዝመንት ያስቀምጣል። መኪናችን እንድትወጣ የተወሰነበት ስብሰባም የተደረገው እዚያው ነው። ወንበር ስላነሰ ግማሾቹ እጃቸውን ያወጡብን ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው ነው። አንዱን ጎረቤታችንን ሲጋራውን እንዲያጠፋ ብለምነው «ነገረኛ» ተባልኩ።

4. አሁን መኪናዋ ውጭ ታድራለች፤ አባቴን ለመጫን እንኳ ቤዝመንት እንድትገባ አልተፈቀደም። አባቴን እኔና የጥበቃ ሠራተኛው ተሸክመን በዋናው በር ደረጃ እናወርዳቸዋለን። በቅርቡ ከእጄ አመለጡ። አልተጎዱም፤ ነገር ግን ሰው እያየ መውደቃቸው አንጀቴን በላው። ከዚያ ወዲህ ለፊዚዮቴራፒ እንሂድ ስላቸው «ተዪኝ ልጄ፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ደህና አይደሉም።

ስለዚህ ባለሙያ ተልኮ መኪናችንንም ጀሪካኖቹንም በአንድ ዓይን እንዲመረምር እጠይቃለሁ። ቻርጅ ማድረጉ ካሰጋ ውጭ አደርጋለሁ። መኪናዋ ትውጣ ከተባለም እቀበላለሁ፤ ያኔ ግን በዋናው በር ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መውጫ ይሠራልን።

እባክዎ ምላሹ አይዘግይብኝ። አባቴ ትናንት የውጭ ጫማቸውን ለጥበቃ ሠራተኛው ሰጥተውታል።

ከድካምም ከአክብሮትም ጋር ሰላምታዬ ይድረስዎ፤
የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ ልብስ ሰፊዋ
(ፊርማ)