ለታኩሮ የተሠሩት ጎማዎች

ይድረስ ለወንድሜ ለታኩሮ፣

እንደምን ከረምክልኝ ወንድምዓለም? ባለቤትህ ካዮስ እንዴት ናት? ልጃችሁ ታማኪስ አደገች? ሙቀቱ አላስቸገራችሁም ወይ? እዚያ ናሃ በአዲስ ዓመት ሰው በነጠላ ጫማ እንደሚንሸራሸር ለእማማ ከላክኸው ፎቶ አይቻለሁ። እኛ ደኅና ነን። እማማ ወገቤን ወገቤን ከማለት በቀር ደኅና ናቸው። አባባም ዓይናቸው እየደከመ ከመሄዱ በቀር ይበላሉ፣ ይቆጣሉ፤ እስከተቆጡ ድረስ ደኅና ናቸው ማለት ነው። እኔም ደኅና ነኝ፤ ይህን የምልህ ግን ለሰላምታው ያህል ነው። እውነቱን ልንገርህና በረዶው መጣል ከጀመረ ወዲህ እርር ድብን እያልኩ ነው የከረምኩት። ያሳረርከኝም አንተ ነህ።

"በዚህ ዓመት አልቀርም፣ እስከ ሶያ ፊት ሆኜ እነዳለሁ" ብለህ ስልክ ደወልክ አይደል? ከሄድክ ዘጠኝ ዓመት ስለሆነህ ነገሩን ላስታውስህ። የኛ የዋካናይ ሞተረኞች በዓመቱ የመጨረሻ ቀን አሁንም ተሰልፈው ወደ ሶያ ባሕር ዳር ይወርዳሉ፣ ድንኳን ተክለው ያድራሉ፣ የአዲሱን ዓመት ፀሐይ ከባሕሩ ስትወጣ ያያሉ። ፊት የሚሄደው ሰው በረዶውን ይቀድዳል፣ ሌላው የሱን ዱካ ይዞ ይከተላል። ያ ቦታ የአባባ ነበር። ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ካቆሙ ወዲህ ቦታው ባዶ ነው፤ ጋሽ ኦኒሺ እንኳ፣ እኚያ የዓሣ ጀልባ ያላቸው ጎረቤታችን፣ ያን ያህል አፍ እያላቸው አይደፍሩትም። ለምን ሲባል አባባ "ታኩሮ ሲመጣ ይይዘዋል" ስላሉ። እኔ ደግሞ ከሰልፉ መጨረሻ ነኝ፣ የሁሉንም ጭስ እየጠጣሁ።

እኔ ማን ነኝ እንዳትለኝ ብቻ። ክረምቱን ሙሉ በበረዶ ላይ እየነዳሁ የዚህን ከተማ ፖስታ የማድል ሰው ነኝ። የትኛው መታጠፊያ ላይ ከበረዶው ሥር መስታወት የመሰለ በረዶ እንደተኛ ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሃለሁ። አንተ እዚያ በረዶ የምታየው መጠጥህ ውስጥ ነው። ሰዉ ግን አባባን "የታኩሮ አባት" እያለ ነው የሚጠራቸው። ሴት ልጅ እንዳላቸው ትዝ የሚለው የለም፤ ደብዳቤውን በሩ ድረስ የማደርስለት እኔ ሆኜ ሳለሁ።

አንተ በደወልክ ማግስት አባባ ሞተርህን ከጋራዡ ጥግ አወጡት። ልብሱን ገፈፉት፣ አበሱት፣ ወፍራሙን ዘይት አፍስሰው ቀጭኑን ሞሉት። የነዳጅ መስጫውን ሽቦ መዘው አድርቀው በግሪስ አሹት፤ አንዲት ጠብታ ውኃ ውስጡ ብትቀር መንገድ ላይ ትረጋና ነዳጁ እንደተከፈተ ይቀራል። እማማ አዝነውለት "ምድጃው አጠገብ ይደር" ቢሉ ተቆጧቸው። ሞቆ ያላበ ሞተር ውጭ ሲወጣ ፍሬኑ ድርቅ ብሎ እንደሚቀር ይህን ሁሉ ዓመት ጋራዥ ቤት ያደረች ሴት እንዴት ትረሳለች ብለው ማታውን ሙሉ አጉረመረሙ።

ከዚያ ጎማው መጣ። ሹል ብሎኖችን አንድ በአንድ ከውስጥ ወደ ውጭ በካቻቪቴ አሳለፏቸው፣ ጫፋቸው በረዶውን እንዲነክስ። ዓይናቸው ስለማያይ እያንዳንዱን በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ። የብሎኖቹ ራስ አየር የተሞላውን ካላማዳሪያ እንዳይበሳው ደግሞ አሮጌ ካላማዳሪያ ቀደው በውስጥ በኩል አነጠፉለት፣ ላንተ ሲሆን ድርብ አድርገው። ጣታቸው ደምቶ እማማ ሲያስሩላቸው "ልጁ እንዳይወድቅ ነው" አሉ። እኔ የዛሬ ሁለት ዓመት ወደብ አጠገብ ወድቄ ክንዴ የተሰበረ ጊዜ ምን እንዳሉ ታውቃለህ? "ሞተሩ ምን ሆነ?" ነው ያሉት።

እማማም አልቀሩም። የአያታችንን ብርድ ልብስ ቆርጠው፣ በውስጡ የበግ ፀጉር ሰፍተው፣ ለመሪህ የእጅ መሸፈኛ ሠሩ። የኔ መሪ ላይ የታሰረው የሩዝ ከረጢት ነው። ለበዓሉ በሩዝና በጎመን ያኮመጠጡትን ዓሣ ጓዳ ቆልፈውበት "ታኩሮ ሳይመጣ የሚከፍተው ወዮለት" አሉ። ቀናሁ። ምን እደብቅሃለሁ? ቅናት ምግብ ከለከለኝ። በሌለህበት እንዲህ ከሆነ ስትመጣማ እኔ የት ልገባ ነው እያልኩ ነበር።

በዚያ ንዴት የራሴን ጎማ ልሠራ ተቀመጥኩ። ብሎኑን አስገባሁ፤ የማነጥፈው ካላማዳሪያ ስፈልግ ግን ጋራዡ ውስጥ አንድም የለም። አባባ ላንተ ድርብ ሲያደርጉ ጨርሰውታል። "አባባ፣ አንዱን ንጣፍ ከሱ ላይ ላንሳ" ማለት ነበረብኝ። ከምለምናቸው ሞቴን መረጥኩና የዓሣ ካርቶን ቀድጄ አነጠፍኩ። ካርቶን እርጥበት ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ሕፃን ልጅም ያውቃል። ታማኪ ራሷ ታውቃለች።

በዓመቱ መጨረሻ ቀን ረፋዱ ላይ ደወልክ። ስልኩን ያነሱት እማማ ናቸው። ሥራ እንደያዘህ፣ ትኬቱን እንደመለስክ ነገርካቸው። "ይሁን ልጄ" ብለው ዘጉና ወደ አባባ ዞረው "አየሩ ከፍቶ አውሮፕላን የለም ብለውት ነው" አሉ። ከቤታችን በላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። አባባ ዓይናቸው ቢደክምም ፀሐይ ፊታቸውን ስታሞቀው ያውቃሉ። "በነሱ በኩል ይሆናል የከፋው" አሉ። ከዚያ ካፖርታቸውን እንደለበሱ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ግን ጋራዥ እስክገባ ነው። የኔ ሞተር ሁለቱም ጎማ መሬት ላይ ተኝቷል። ካርቶኑ ሾርባ ሆኖ የብሎኖቹ ራስ ካላማዳሪያዎቹን ወንፊት አድርጓቸዋል። በዓመት መጨረሻ የተከፈተ ሱቅ የለም። ውጭ ሞተረኞቹ መጥተው ሞተራቸውን እያጓሩ ቆመዋል። ጋሽ ኦኒሺ "የታኩሮ አባት፣ ልጅህ የት ደረሰ? ወይስ የሰማነው ወሬ ብቻ ነው?" ብለው ሲጮኹ ሰማሁ። አባባ "ዘንድሮም ባዶ ይሂድ" አሉ። ፊት የሚሄደውን ቦታ ማለታቸው ነው። ባዶ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ።

መፍቻ አነሳሁና ወደ ሞተርህ ሄድኩ። የፊቱን ጎማ ከነቸርኬው አወለቅኩት። አባባ ድምፁን ሰምተው እየዳበሱ ገቡና "የሰው ዕቃ ነው፣ ተይ" አሉኝ። "የሰው አይደለም፣ የወንድሜ ነው" አልኳቸው። "መሄዱን ከፈለግሽ ታዲያ በሱ ሞተር ሂጂ፣ ለምን ታፈርሺዋለሽ?" አሉ። ባንተ ሞተር ብሄድማ ያንተን ቦታ ጠብቄልህ መጣሁ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ አፌ ላይ የነበረው ያኔ ወጣ። የማይመጣ ሰው በር ላይ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ እዚሁ ያለችውን አንድ ቀን አላዩም፤ ፊት የምሄደው በራሴ ሞተር፣ በራሴ ስም ነው፤ ቀንቻለሁ፣ አዎ፣ እስከ ጥርሴ ድረስ ቀንቻለሁ አልኳቸው። እያለቀስኩ ነበር፤ ብርድ ነው እንዳልል ጋራዥ ውስጥ ነው ያለነው።

የኋላው ጎማ ማሰሪያ ዳዶ ግግም ብሎ ስታገለው አባባ ጎንበስ አሉና "ዘይት ጠብ አድርጊበት፣ በጉልበት አይሆንም" አሉ። ተንበርክከው ካቴናውን ያዙልኝ። ዓይናቸው ባያይም እጃቸው ያያል፤ እኔ ብቻዬን የማልጨርሰውን አብረን ጨረስነው። ሞተሮቻችን አንድ ዓይነት ስለሆኑ ጎማዎችህ የኔ ላይ ልክ ገቡ። አባባ አየሩን ትንሽ አስተነፈሱት፣ ጎማው በረዶውን ሰፋ አድርጎ እንዲይዝ። ከዚያ ብሎኖቹን ዞረው ዞረው በአውራ ጣታቸው ዳበሷቸው። በኔ ሞተር ላይ ይህን ሲያደርጉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እማማ ያን የብርድ ልብስ የእጅ መሸፈኛ ይዘው መጥተው መሪዬ ላይ አሰሩት። አባባ በሩ ድረስ ወጡና "ኦኒሺ፣ መንገድ ልቀቁላት" አሉ። ስሜን ግን አልጠሩም፣ እሱንም መዝግቤዋለሁ።

ፊት ሄድኩልህ። ነፋሱ ከባሕሩ በኩል እየገፋ፣ በረዶው ፊቴ ላይ እየተፈተለ፣ ጎማዎችህ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላዳለጡኝም። የአባባ እጅ ነው፣ የሚካድ አይደለም። ጋሽ ኦኒሺ ከኋላዬ "ቀስ በይ አንቺ፣ ፖስታ ልታድይ ነው እንዴ?" እያሉ ይጮኻሉ። ሌላ ጊዜ ከዱካ ወጥተው የሚወድቁት እሳቸው ነበሩ፤ ዘንድሮ የኔን ዱካ ይዘው አልወደቁም። ሶያ ስንደርስ "የታኩሮ አባት ልጅ በደንብ ነድታለች" አሉ። ይህም ከእሳቸው ብዙ ነው። በነጋታው ፀሐይዋ በደመና ተሸፍና አልወጣችም፤ ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልዋሽህም።

ስመለስ የኮመጠጠውን ዓሣ በላነው፣ አንድም አልተረፈልህም። ሞተርህ ጋራዡ ውስጥ በሁለት የቢራ ሳጥን ላይ ያለ ጎማ ተቀምጧል። ድል አደረግሁ ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ እያፏጨሁ ዋልኩ። ትናንት ከሥራ ስገባ ግን አባባን ጋራዥ ውስጥ አገኘኋቸው። አዲስ ጎማ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብሎን እያሳለፉ ነው። ለማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "ለሱ ነዋ፣ የሱን አንቺ ወሰድሽው አይደል?" አሉ። ቀና እንኳ አላሉም። ከፋኝ፣ በጣም ከፋኝ። ቁጭ አልኩና የተበሳሱትን የኔን ካላማዳሪያዎች ለንጣፍ ቀደድኩላቸው፤ ድርብ አድርጌ።

እንግዲህ ሰላምታ ላድርስ። እማማ በወገባቸው ሕመምም መሐል ስምህን አይረሱም፤ ናፍቆታቸውን ንገሪልኝ ብለዋል። አባባ "ዘይቱን ቀይረንለታል በይው" ብለዋል፣ በሳቸው አነጋገር ይህ ሰላምታ ነው። ጋሽ ኦኒሺ "ወሬ ብቻ" ብለውሃል። ካዮን ሳምልኝ፤ የላከችው ሻይ ደርሶናል። የካዮን እናት ጤና ይስጥልኝ በልልኝ። ታማኪን ጉንጯን ሳምልኝና አክስትሽ ሞተር ትነዳለች በላት።

የሚመጣውን ክረምት እንዳትቀር። ሥራ ያዘኝ ብትል የምሰማህ አይምሰልህ፤ አባባ ያን በር አጠገብ ካፖርታቸውን ለብሰው ሲቀመጡ ደግሜ ማየት አልችልም። ሞተርህ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል፣ እኔ ራሴ አዘጋጀዋለሁ። ፊት የምሄደው ግን እኔ ነኝ። ናና ከኋላዬ ንዳ።

እህትህ ኢኩሚ
ዋካናይ፣ አዲሱ ዓመት በገባ በአራተኛው ቀን