አቶ ደምሴ ተስፋነህ፣ ስለ ቼኩ ማኅተም አስቀድመው የጻፉት ሰው

አቶ ደምሴ ተስፋነህ ከአባታቸው ከአቶ ተስፋነህ ይሻውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈንታነሽ አለሙ በኅዳር ወር 1956 ዓ.ም. እዚሁ ጉና ሥር፣ ከቆምንበት ቤተ ክርስቲያን ማዶ ተወለዱ። ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ዓይናለም ነኝ። ሆዴ እያረረ ስለጻፍኩት ቀብሩ ላይ የሚያነበው ሰው እንዳለ ያንብብልኝ።

ፊደል የቆጠሩት እዚሁ ነው። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ስንቃቸውን በየሳምንቱ ተሸክመው ደብረ ታቦር እየወረዱ ተምረው፣ በ1976 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ። በ1978 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ውስጥ በሚገኝ ባንክ ተቀጠሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ የቼክ ፊርማ አመሳካሪ ሆኑ። የደንበኛውን ፊርማ ካርዱን ሳያወጡ ይለዩት ነበር። በ1984 ዓ.ም. ወይዘሮ ውዴ ላቀውን አግብተው ሙሉቀንን፣ ትእዛዝንና ትዝታን ወለዱ።

በ2008 ዓ.ም. ባንኩ በማሽን የሚነበብ ቼክ አመጣ። በቼኩ ግርጌ በልዩ ቀለም የታተመ የቁጥር መስመር አለ፤ ማሽኑ የሚያነበው እሱን ነው፤ ሌላ ቀለም ካረፈበት ቼኩን ይተፋዋል። ወንድሜ ይህን እንዳዩ የአገራቸው ሰው ታሰባቸው። እኛ ዘንድ ማኅተም የሚመታው ከግርጌ፣ ፊርማውን ነክቶ ነው፤ ከዚያ ውጭ የዋለ ማኅተም እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ አዲሱ ቼክ ከመታደሉ በፊት የማኅበራት ሊቃነ መናብርት ተጠርተው አዲሱ የማኅተም ቦታ እንዲነገራቸው ለሥራ አስኪያጁ ሁለት ገጽ ማስታወሻ ጻፉ። ቅጂው እጄ ላይ ነው። የተሰጣቸው መልስ “ማሽኑ አይሳሳትም” የሚል ብቻ ነበር። እሳቸው መቼ ማሽኑ ይሳሳታል አሉ?

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የዘር ድንች ማኅበራችሁ ሊቀመንበር አቶ ባዩ የዘሩን ክፍያ ቼክ ፈርመው፣ እንደ ወጉ ማኅተሙን ከግርጌ አሳረፉበት። በእሳቸው አልፈርድም፤ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ቼኩ ባሕር ዳር ካለው ማሽን ደርሶ ተመላሽ ሲሆን ሻጩ ዘሩን ለሌላ ሰጠ፤ ማሳውም ጦሙን አደረ። ገበሬው ባንኩ ደጃፍ ላይ ሲሰበሰብ ሥራ አስኪያጁ “በሠራተኛው በአቶ ደምሴ ቸልተኝነት የደረሰ” ብሎ ጻፈና ማኅተም መትቶ ሰጣችሁ። ይህን ሰው አንቱ ልለው አልቻልኩም።

ወንድሜ ማስታወሻቸውን ይዘው እናንተው ሽማግሌዎች ዘንድ መጡ። የባንኩ ወረቀት ማኅተም አለው፣ ያንቱ የለውም ብላችሁ መለሳችኋቸው። ያየ የሰማ ይፍረድ። ሠላሳ ዓመት ያገለገሉት ሰው ከሥራ መደባቸው ወርደው የአሮጌ ወረቀት መጋዘን ጠባቂ ተደረጉ። በ2010 ዓ.ም. እናታችን ባረፉ ጊዜ ከዚህ አገር ለቅሶ የደረሰን ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። አስከሬናቸውን የተሸከሙት ከደብረ ታቦር የመጡ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ያንን ቀን አልረሳሁም፣ አልረሳውምም።

በ2016 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ከዚያ የኩላሊት ሕመም ያዛቸው፤ ሙሉቀን ጎንደር እያመላለሰ ቢያሳክማቸውም ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ዐረፉ። ከተማ እንቅበርዎ ብንላቸው አሻፈረኝ አሉ፤ ከእናቴ ጎን፣ ከአገሬ ሰው መካከል ብለው ተናዘዙ። ፊት የነሳቸውን አገር እስከ መጨረሻው አገሬ ሲሉት መስማት ያንገበግበኝ ነበር። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ባንኩ “በትጋት ያገለገሉ” የሚል የሐዘን መግለጫ ልኮልን ነበር፤ ቸልተኛ ያለበትን ደብዳቤ እስኪሽር ከሕይወት ታሪካቸው ጋር አናትመውም ብለን መልሰናል።

ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለውዴና ለልጆቹ መጽናናትን ይስጥ።

በልማዳችን ቀብር ላይ ሟች የበደላችሁ ካላችሁ ይቅር በሉ ተብሎ ሕዝቡ ይለመናል። ዛሬ ግን ለማኝ የለንም፤ ደምሴ አንዳችሁንም አልበደሉም። አፈሩ ከመመለሱ በፊት ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይነሣና ይህንኑ በአገሩ ሰው ፊት ይናገር። እኛ ቆመን እንጠብቃለን።