ጳጉሜ ያላሳረፈቻቸው አቶ ሀይለየሱስ ደስታው
(1966–2010 ዓ.ም.)

አቶ ሀይለየሱስ ደስታው ከአባታቸው ከመሪጌታ ደስታው ካሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩብርሃን ቢሻው መጋቢት 5 ቀን 1966 ዓ.ም. በይፋግ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በአባታቸው ዘንድ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላቸው ዳዊት የደገሙት እየተንቆራጠጡ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሒሳብ ትምህርት ተመርቀው በኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራ ተሰማሩ። በ1993 ዓ.ም. ከወይዘሮ ማህደር አያልነህ ጋር ጋብቻ መሥርተው ናፍቆትንና ወንዴን ወለዱ፤ በ1997 ዓ.ም. ጠቅልለው ወረታ ገቡ።

በ1999 ዓ.ም. ለአንድ የጤና ተቋም የሕፃናትን የክትባት ቀጠሮ የሚያወጣ ፕሮግራም ብቻቸውን ጽፈው፣ ሌላ ሰው ሳያየው «አልቋል» ብለው አስረከቡ። ለካ ዓመቱን በአሥራ ሁለት ወር ሠርተውት ኖሯል። በዚያ ጳጉሜ የተወለዱ አሥራ አንድ ሕፃናት ቀጠሮ ሳይወጣላቸው ቀሩ። ስሕተቱ ኅዳር ላይ ሲታወቅ ስም ዝርዝሩን ይዘው የፎገራን ሜዳ ቀበሌ ለቀበሌ ዞሩ፤ በየደጁ «ጥፋቱ የእኔ ነው» እያሉ አሥሩን አስከተቡ። አሥራ አንደኛዋን ግን አላገኟትም። እናቷ ሰርክ አንለይ ጳጉሜ 6 ቀን ቁሐር ሚካኤል ዘመድ ቤት ወልዳ፣ ጎርፉ ሲበረታ ልጇን ታቅፋ ሄዳለች፤ ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲያ ሥራቸውን ቀየሩ። ባሕር ዳርም አዲስ አበባም እየተጠሩ፣ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸውን እንዴት እንደሚሠሩ ይመረምሩ ነበር። የተጠየቀው ነገር ተጽፏል ወይ? ከጻፈው ሌላ ማን ሞከረው? ስሕተት ሲገኝ የት ይመዘገባል? «ግምገማ አለ» ሲባል ሠራተኛው ደንግጦ ግለ ሂሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። እሳቸው ግን «እኔ የምገመግመው አሠራሩን ነው፤ ሰው አልገመግምም» ብለው ግለ ሂሱን ራሳቸው ይጀምሩታል፤ የጳጉሜዋን ነገር ይናገራሉ። ቤትም ያው ነበሩ፤ ወጡ ደረሰ ሲባሉ «ማን ቀመሰው?» ይላሉ።

በ2009 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ብንወስዳቸው፣ መታጠቡን ትተው የወረፋውን አያያዝ ሲያስተካክሉ ሰነበቱ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በአርባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ እናታቸውና እኅታቸው ሙናዬ አሉ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን።

ይህን ጽሑፍ እንደ ልማዳቸው ሁለት ሰው አይቶታል። «ዐረፉ» የሚለውን ቃል ግን ልንጽፈው አልደፈርንም፤ በኪሳቸው የተገኘው ስም ዝርዝር ላይ ያለው ምልክት አሥር ብቻ ነው። ልጅቷ አሁን አሥር ዓመቷ ነው። ሰርክ አንለይን የሚያውቅ ከለቀስተኛው መካከል ካለ፣ እባካችሁ ለእኔ ለእኅታቸው ንገሩኝ። የቀረችውን ምልክት እኔ አደርግላቸዋለሁ።