በእማማ ልደት የታለፈው እጄ

ፌሉወ፣ ሆላንድ

ውድ ወንድሜ ማርተይን፣

አንተ፣ ባለቤትህና ልጆቹ ከነላሞቻችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ እዚህ ደህና ነን። አባባም ደህና ነኝ ይላል።

ማክሰኞ የእማማ ልደት ነበር። ወንበሮቹን እንደ ወጋችን ክብ አድርገን ደረደርን። ጎረቤታችን ኤቨርት ሁሉንም እየዞረ ጨበጠ፤ አባባንም «ለባለቤትህ ልደት እንኳን ደስ ያለህ!» አለው። እኔ ጋ ሲደርስ እጁን ኪሱ ከተተና ጎንበስ ብሎ ውሻችንን «አንተም እንኳን ደስ ያለህ፤ አንተ እንኳ የጌታህን ላሞች አላስሸጥክም» አለው። ሁሉም ሳቁ።

ጥፋቴ ስለ አካባቢያችን ጫካ ያጠናሁትን መጻፌ ነው። ከበረቶቻችን ፍግ ተነስቶ በአየር የሚሄደው ናይትሮጅን ጫካው ላይ ሲወርድ ዛፎቹ መጀመሪያ ፋፉ፤ ካርቦንም አብዝተው አከማቹ። ኤቨርት የሚጠቅሰው ይህችን ብቻ ነው። ኋላ ግን አፈሩ ኮመጠጠ፤ ዛፎቹ እየደረቁ ያከማቹትን ለአየሩ እየመለሱ ነው። አባባ አምኖኝ ላሞቹን ሸጠ። ከጻፍኩት አንድ ቃል አልሰርዝም!

የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ሲሳቅብኝ በገዛ ቤቴ አንገቴን ደፋሁ።

ያኔ አባባ ተነስቶ መጣና እጄን ያዘ። «ለእናትሽ ልደት እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ» አለኝ። እጄንም ቶሎ አልለቀቀም።

አሁንም ጎህ ሳይቀድ በማለቢያው ሰዓት ተነስቶ ባዶው በረት ውስጥ ይቀመጣል። እኔም አብሬው እቀመጣለሁ። የላሞቹን ማሰሪያ ገመዶች ከእንግዲህ ስለማይፈለጉ፣ ለእሱ ሳልነግረው ከበረቱ አውጥቻቸዋለሁ።

ባሕር ማዶ አንተ ዘንድ በዚያ ሰዓት ገና ምሽት ነው። እባክህ ደውልለት፤ ስለ ላሞችህ ምክር ጠይቀው፤ ወሬውንም አታሳጥርበት።

ልጆቹን በየጉንጫቸው ሳምልኝ፤ በደህና ያገናኘን።

እህትህ አሌይዳ