ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያለችው ክፍልህ

ጂንካ፣ ጥቅምት ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

በአካል ለማላውቅህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? የሰሜኑ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኔና ልጄ ሐና እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትህን ቃል እየጻፍኩ ስልክልህ ስለኖርኩ የእጄን ጽሑፍ ታውቀዋለህ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን የራሴን ነው። ክፍልህ ውስጥ እንዴት እንደገባሁ እሳቸው አሳጥረው ነበር ያስጻፉኝ፤ በራሳቸው ነገር መመስገን አይወዱማ።

ከዲመካ ጤና ጣቢያ ተዛውሬ ስመጣ ያረፍኩት ከአውሮፕላን ሜዳው ማዶ ነበር። የሐና ግራ እግር ደካማ ነው። ዝናብ ሲጥል ያ ሜዳ፣ ከብቱም ሲረግጠው፣ ጭቃ ብቻ ይሆናል። ወድቃ ተነስታ፣ ወድቃ ተነስታ፣ በመጨረሻ «እማዬ፣ ትምህርቱ ይቅርብኝ» አለችኝ። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ቤት ካላገኘሁ ልጄ ሳትማር መቅረቷ ነው ብዬ ፍለጋ ወጣሁ።

የቀበሌ ቤት የለም ተባልኩ። ደባል ልግባ ብዬ በየበሩ ብለምንም ዘመድ ያልሆነ ሰው ማስጠጋት ከቀበሌ ጋር ያነካካል እያሉ ሁሉም መለሱኝ። እናትህ ግን የሐናን እግር አዩና «ነገ ዕቃሽን አምጪ» አሉኝ። ኪራይ ባነሳ ተቆጡኝ።

ወዲያው ቀበሌ ተጠራን። ሊቀ መንበሩ ጓድ ፈለቀ ምንዎ ናት ቢላቸው፣ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ «ልጄ ናት» አሉ። ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ እምነቴን ትቻለሁ ብለው ይፈርሙ ቢባሉ፣ አልዋሽም ብለው የታሰሩ ሴት መሆናቸውን አገር ያውቃል፤ ፈለቀም ያውቃል። አንድ ቃል ሳይጨምር መዘገበኝ።

መንገድ ላይ ለምን ዋሹልኝ ብላቸው ቆም አሉ።

«እኔ አልዋሸሁም። እውነት የምታደርጊው አንቺ ነሽ።»

እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ለምነው በጓሮ በኩል ለሐና መሹለኪያ አስከፈቱላት። ደወል ሰምታ ብትነሳ እንኳ አታረፍድም። ማንበብ ስትችል ደግሞ ደብዳቤዎችህን የምታነብላቸው እሷ ሆነች። ስትሳሳት እያወቁ ዝም ይሏት ነበር፤ በቃላቸው ይዘውታላ።

ወንድሜ፣ የእማማ ቃል ለምን ቀረብኝ ብለህ ጽፈሃል። አለቆችህን ለምነህ ፈቃድ ውሰድና ና። ስትደርስ በቀጥታ ወደ ቤት እንዳትመጣ፤ አጎትህ አቶ ዶላሞ ዘንድ እደር። ማለዳ ሽማግሌዎቹ ይዘውህ ይመጣሉ። ክፍልህን ጠርገን ለቀንልሃል። ኑሩም ብትለን ሂዱም ብትለን ቤቱ ያንተ ነው።

በወረቀት የምችለው ይህንን ብቻ ነው። ያቺን የቀበሌዋን ቃላቸውን ግን ሐሰት አላደረግኩባቸውም። ሴት ልጅ ለእናቷ የሚገባትን ሁሉ፣ በሕመማቸውም ከዚያም ወዲያ፣ አድርጌያለሁ።

የእናትህ አምላክ ከጥይት ይሰውርህ፣ መንገድህንም ያቅናልህ።

እህትህ