ተመዝግቧል

ሰኔ 5 ቀን 1981
ዝናብ። ከመስኮቱ ራስ መኮንን ድልድይ አይታይም። የጡረተኞችን ፋይል ኮምፒውተር ውስጥ እያስገባን ነው። ማሽኑን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ዩኒክሱ፣ ይጎተታል፤ እያንዳንዱን ስም ዲስኩ ላይ ሳይጽፍ «ተመዝግቧል» አይልም። ስሞቹን የምትተይበው የሺዓለም ጣቶቿን አንስታ ትጠብቃለች።
«ጋሽ መርሻ፣ ይኼ ማሽን ቀበሌ ሠርቶ ያውቃል እንዴ?» አለችኝ። ሳቅን።
ኃላፊያችን ጓድ አባይነህ አልሳቀም። ሥራው ለአብዮት በዓል እንዲያልቅ ይፈልጋል። ማፍጠን ይቻላል አልኩት... ስሞቹን ሜሞሪ ላይ ይዞ፣ ዲስኩ ላይ በኋላ እንዲጽፍ ማድረግ። መብራት ከሄደ ግን ሜሞሪው ባዶ ይሆናል...
«መዘግየት አሻጥር ነው» አለኝ።

ሰኔ 6
አደረግሁት። ይበራል። ገና ሳይጽፍ «ተመዝግቧል» ይላል። የሺዓለም ምን እንዳበላሁት ጠየቀችኝ።

ሰኔ 19
መብራት ሄደ። ሲመለስ ዲስኩ ራሱን አላወቀም። የሟች ፋይል ውስጥ የሕያው ስም። ሌላው ጭራሽ የለም። መጠባበቂያ ቅጂው አሮጌ ነው፤ የሳምንቱ ሥራ ጠፋ።
አባይነህ ማን እንዳስገባው ጠየቀ። የሺዓለም ተነስታ፣ «ተመዝግቧል ብሎኛል» አለች። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ስሟን ጻፈ።
እኔስ? አጎንብሼ አሮጌውን ቅጂ መጫን ቀጠልኩ።

ሰኔ 20
የሺዓለም አልመጣችም። ከቤቷ ወስደዋታል። ኮሪደሩ ላይ ሰው ሁሉ አሻጥር፣ አሻጥር ይላል።
አባይነህ ዘንድ ገባሁ። ማሽኑን ወደ ድሮው ልመልሰው፣ ምክንያቱንም ልናገር አልኩት። በሩን ዘጋ።
«ከዘገየ አሻጥረኛው አንተ ነህ። ከጠፋም አንተ ነህ። እሷ ብትሆን አይሻልም?»
ወጥቼ እስከ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በእግሬ ሄድኩ። ተመለስኩ። የት ይኬዳል?

ሰኔ 23
ስብሰባ ላይ ተነሳሁ። ማሽኑ ያልጻፈውን ጻፍኩ እንዲል ያደረግሁት እኔ ነኝ አልኩ። ማን አዘዘህ ተባልኩ። የአባይነህን ስም ጠራሁ። ጥፍሩን እያየ ነበር።
«የጻፍኩልህ ትእዛዝ አለ?» አለኝ።
የለም።

ሐምሌ 4
የሺዓለም ተለቀቀች። ከስታለች። ዛሬ ወንበሯ ላይ ናት፤ ሰላም አለችኝ፣ ሳታየኝ።
እኔን አላሰሩኝም። ማሽኑን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ጠዋት ጥበቃ ከቤት ያመጣኛል፣ ማታ ይመልሰኛል። ፒያሳ ላይ ቆሜ ማኪያቶ መጠጣት እንኳ ቀረ።
ዩኒክሱን ወደ ቀድሞው መለስኩት። «መዘግየት አሻጥር ነው» ያለ የለም፤ አባይነህም። የሺዓለም ስም ትጽፋለች፣ ዲስኩ ሲንቋቋ ትሰማለች፣ ትጠብቃለች። «ተመዝግቧል» ሲል ብቻ ወደሚቀጥለው ታልፋለች።
ካድሬውን ስለ ራሴ ምን እንደተወሰነ ጠየቅሁት።
«ጉዳይህ በመታየት ላይ ነው።»