በዓይኑ የሰገደ ሰው

ውድ ዙሀይራ፣

ሐሙስ ዕለት መስመሩ ተቋርጦ አይደለም፤ ስልኩን ጆሮሽ ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ። «ለዚያ አንቀጽ አዎ ካልሽ ወደ ቤትሽ ወደ ቀይረዋን እንዳትመለሺ» ያልኩሽ ስለ ሃይማኖት ብዬ እንዳይመስልሽ። ቅናት ነው። አንጀቴን አቃጥሎታል።

ምን ላድርግ? የምርጫ ሕጉ በእጩዎች ዝርዝር ላይ ወንድና ሴት ይፈራረቁ ሲል፣ ፓርቲያችን ሴት አጥቶ ሲንከራተት፣ ለምኜ ያስገባሁሽ እኔው ነኝ። የከተማችን ሼኽ አንደኛ፣ አንቺ ሁለተኛ፣ እኔ ሦስተኛ። ያገኘነው ደግሞ ሁለት የጉባኤ ወንበር ብቻ። ለፓርቲው ብዬ ወህኒ የማቀቅኩት እኔ፣ ቱኒስ ተቀምጠሽ ሕገ መንግሥት የምትጽፊው አንቺ። ካፌ በገባሁ ቁጥር ፀጉር ቆራጩ አጎት ሳልህ፣ «ተነሱ እንጂ፣ የእንደራሴዋ ባለቤት መጡ። ላስአድ፣ ዛሬስ ምሳ ማን ሠራልህ?» ይለኛል።

እሱንስ ችዬው ነበር። ጉባኤው ውስጥ አብሮሽ የሚሠራውን ያንን ጠበቃ፣ ስሊምን ግን አልችለውም። ረመዳንን እንኳ የማይጾም ሰው። በደወልሽ ቁጥር «ስሊም እንዲህ አለ፣ ስሊም እንዲህ ብንጽፈው ይላል»። መንግሥት ሃይማኖትን ይጠብቃል በሚለው አንቀጽ ላይ የህሊና ነፃነት ይጨመር ያለው እሱ፣ ደግፈሽ የቆምሽው አንቺ። ሚስቴን አንቀጽ በአንቀጽ ወሰዳት እያልኩ ብቻዬን አወራለሁ።

ትናንት ካፌ ተቀምጠን ጉባኤውን በቴሌቪዥን ስናይ ስሊም ተነሣ። «አንድ እስረኛ ነበር» አለ። «መስገድ ስለተከለከለ፣ ዘበኛው እንዳያየው ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝቶ በዓይኑ ብቻ ይሰግድ ነበር። እኔ አልሰግድም። ግን መንግሥት የሱም ልብ ውስጥ፣ የእኔም ልብ ውስጥ እንዳይገባ ነው የምለምናችሁ።»

ለሱ ነግረሽዋል! ያንን ላንቺ ብቻ ነበር የነገርኩሽ፤ ያውም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ። አጎት ሳልህ ሲኒውን አስቀመጠና፣ «ምስኪን፣ ማን ይሆን ሰውየው?» አለ። ማንም አልቀለደም። እኔ ነኝ ልል ብድግ አልኩና ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ።

ዙሀይራ፣ ከወህኒ ስወጣ አላለቀስኩም። አንቺ አቅፈሽኝም አላለቀስኩም። ያስለቀሰኝ ያ የማይሰግድ ሰውዬ ነው። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ሰኞ ድምፅ ሲሰጥ አዎ በዪ። ከዚያ ወደ ቤትሽ ነይ። ስለ ስሊም ደግነት ግን አንዲት ቃል እንዳትነግሪኝ፤ ገና አልበረደልኝም።

ባልሽ ላስአድ